ፍላርምና የግላይደር ውድድር፦ ሰማይ ላይ ላለመጋጨት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ግላይደር ውድድርና ፍላርም ስለሚባለው የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

ሞተር የሌለው አውሮፕላን እንዴት ይወዳደራል?

ግላይደር በሌላ አውሮፕላን ተጎትቶ ወይም መሬት ላይ ባለ ማሽን በገመድ ተስቦ ይነሳል። ገመዱን ከለቀቀ በኋላ ያለው ጉልበት ከፍታው ብቻ ነው። ስለዚህ አብራሪው ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ወደ ላይ የሚወጣውን አየር፣ ቴርማል የሚባለውን፣ ፈልጎ እዚያው ውስጥ እየዞረ ከፍታ ይሰበስባል። ከዚያ የግላይደሩን አፍንጫ ዝቅ አድርጎ እስከሚቀጥለው ቴርማል ድረስ ይፈተለካል።

በውድድር ቀን አዘጋጆቹ የአየሩን ሁኔታ አይተው መዞሪያ ነጥቦችን ይሰጣሉ። ጥሩ ቀን ከሆነ መንገዱ 300፣ 500 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። በፍጥነት ዞሮ የተመለሰ ያሸንፋል። ማን የት እንደዞረ የሚታወቀው ኮክፒት (የአብራሪው መቀመጫ ክፍል) ውስጥ ካለው የጂፒኤስ መዝጋቢ ነው። የዓለም ሻምፒዮናው በየጊዜው አገር ይቀያይራል፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2014 ሌሽኖ ፖላንድ፣ በ2017 ቤናላ አውስትራሊያ ተካሂዷል።

ሰማዩ እንዲህ ሰፊ ሆኖ ለምን ይጋጫሉ?

ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ከፍ የሚያደርገው አየር ግን ጠባብ ነው። ከሰዓት በፊት አሞራዎች ክንፋቸውን ሳያራግቡ እየዞሩ ሲወጡ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። አንዱ ጥሩ ቦታ ሲያገኝ ሌሎቹ ከየአቅጣጫው መጥተው ከላይና ከሥር ይደረደራሉ። የግላይደር አብራሪዎችም እንዲሁ ናቸው። የሚዞር አሞራ ካዩ ራሱ ወደዚያ ይሄዳሉ። ልዩነቱ የግላይደር ክንፍ በአብዛኛው 15 ወይም 18 ሜትር፣ በትልቁ ምድብ ደግሞ ከ25 ሜትር በላይ መሆኑ ነው።

እስኪ አንዱን ዙር ቀረብ ብለን እንየው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየበረረ 45 ዲግሪ ያጋደለ ግላይደር የሚሠራው ክብ ከመሀል እስከ ጠርዝ 80 ሜትር ገደማ ነው። አንዱን ዙር በ18 ሰከንድ ይጨርሳል። በዚያች ክብ ውስጥ፣ በአንድ ከፍታ፣ አምስትና ስድስት ግላይደር ሲገባ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ አስቡት። ከሥራቸው ሌላ ንብርብር አለ፣ ከላያቸውም እንዲሁ።

በጣም የሚያሰጋው ሰዓት ብዙ ጊዜ አብራሪዎቹ የውድድሩን መነሻ መስመር ከማለፋቸው በፊት ያለው ነው። የመነሻው መስመር ከተከፈተ በኋላ እያንዳንዱ አብራሪ መቼ እንደሚነሳ ራሱ ይመርጣል። ቀድሞ የሄደ ለኋለኛው ቴርማሉ የት እንዳለ ያሳየዋል። ስለዚህ ሁሉም "ሌላው ይቅደም" ብሎ አንድ ቴርማል ውስጥ ተጨናንቆ ይዞራል። ዓይኑ ሰዓቱ ላይ፣ ተቀናቃኙ ላይ፣ መስመሩ ላይ ነው። አደጋው የሚመጣው እዚህ ነው።

አብራሪው ዓይኑን ከፍቶ ቢያይ አይበቃም?

ማየትማ ግድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፣ የዓይናችን አፈጣጠር ነው። ሁለት ግላይደሮች ቀጥ ባለ መስመር ወደ ግጭት እየሄዱ ከሆነ አንዱ ለሌላው በኮክፒቱ መስተዋት ላይ ሲታይ ቦታውን አይቀይርም። ዓይን የሚንቀሳቀስ ነገር ቶሎ ይይዛል፤ ባለበት የቆመች ትንሽ ነጥብ ግን ታመልጠዋለች። ነጥቧ ለረጅም ጊዜ ነጥብ ሆና ትቆይና በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰከንዶች በድንገት ትገዝፋለች። ግላይደሩ ነጭ ነው፣ ከጀርባው ያለው ደመናም ነጭ ነው። ከፊት ለፊት ሲታይ ደግሞ አካሉ ከአንድ ሜትር የጠበበ፣ ክንፉም ስስ መስመር ብቻ ነው።

የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለአብራሪዎች ባወጣው መመሪያ ላይ አንድ ሰው ሌላ አውሮፕላን ካየበት ቅጽበት ጀምሮ የራሱ አውሮፕላን አቅጣጫ እስኪቀይር 12.5 ሰከንድ እንደሚፈጅ ተሰልቷል። ከዚህ ውስጥ 5 ሰከንዱ "ይሄ ሊገጨኝ ነው" ብሎ ለመረዳት ነው። ሌላ 4 ሰከንድ ወዴት ልዙር ብሎ ለመወሰን ይሄዳል። አሁን ሁለት ግላይደሮች በደመና ረድፍ ሥር ፊት ለፊት እየመጡ ነው እንበል፣ እያንዳንዳቸው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር። በየሰከንዱ 111 ሜትር ይቀራረባሉ። በ12.5 ሰከንድ ወደ 1.4 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ያችን ስስ ነጭ መስመር ከዚያ ርቀት ላይ ማየት አለባችሁ።

ጨርሶ የማይታይ ቦታም አለ። ከሆድ በታችና ከጅራት በኋላ ያለውን ማንም አያይም። አንዱ እየወጣ፣ ሌላው ከላይ እየወረደ ከሆነ ሁለቱም ሳይተያዩ ሊገናኙ ይችላሉ።

ፍላርም ምንድን ነው? ማን ሠራው?

ፍላርም ለግላይደር ተብሎ የተሠራ የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ስዊዘርላንድ ውስጥ ኡርስ ሮታኸርና አንድሪያ ሽላፕባኽ የጀመሩት ሥራ ሲሆን ኡርባን ሜደር ብዙም ሳይቆይ ተቀላቅሏቸዋል። መነሻቸው በአውሮፓ ግላይደሮች ላይ ይደርሱ የነበሩ የሰው ሕይወት የቀጠፉ ግጭቶች ናቸው። በዚያን ጊዜ ለትልልቅ አውሮፕላኖች የነበረው መሣሪያ ለግላይደር ከባድ፣ ውድና ባትሪ ጨራሽ ነበር። ደግሞም እየዞሩ ለሚበሩ አውሮፕላኖች ታስቦ የተሠራ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ በራሱ ተስፋፋ። አንድ ክለብ ሲገጥም ጎረቤቱ ይገጥማል፤ ምክንያቱም ፍላርም የሚጠቅመው ሌላውም ሲኖረው ነው። ዛሬ በአውሮፓ ያለ ፍላርም ትልቅ ውድድር ላይ መሰለፍ የማይታሰብ ሆኗል።

እንዴት ነው የሚሠራው?

መሣሪያው ያለበትን ቦታ ከጂፒኤስ፣ ከፍታውን ደግሞ ከአየር ግፊት መለኪያ ያውቃል። ከዚያ በቀጣዮቹ ሰከንዶች የት እንደሚደርስ ይተነብያል። ቀጥ ብሎ እየሄደ ነው ወይስ እየዞረ፣ ይህንንም ግምት ውስጥ ያስገባል። ትንበያውን በአነስተኛ የሬዲዮ ሞገድ በየሰከንዱ ያሰራጫል። በአቅራቢያው ያለ ሌላ ፍላርም ይህንን ተቀብሎ ከራሱ መንገድ ጋር ያነጻጽራል። መንገዶቹ የሚቆራረጡ ከመሰለው ይጮሃል። መሀል ላይ የመሬት ጣቢያ፣ ራዳር ወይም ኢንተርኔት የለም።

የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይደርሱ ነበር። አዳዲሶቹ አንቴናቸው በደንብ ከተገጠመ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይሰማሉ። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ገመድና የማማ መረጃም ስለሚይዙ ተራራ ተጠግቶ ለሚበር ሰው ይህም አንድ ራሱን የቻለ ጥቅም ነው።

ሲጮህ ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ ወደተጠቆመው አቅጣጫ ቀና ብሎ ማየት። በተለመደው ማሳያ ላይ ትናንሽ መብራቶች በክብ ተደርድረዋል። የበራው መብራት አደጋው በየት በኩል እንዳለ ይናገራል። ጎን ላይ ያሉት መብራቶች ከላይ ነው ወይስ ከታች የሚለውን ይመልሳሉ። ማስጠንቀቂያው ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ከ20 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ግጭት ሊኖር እንደሚችል ሲነግር፣ የመጨረሻው 8 ሰከንድ ገደማ ወይም ያነሰ ሲቀር ነው። ድምፁም እየፈጠነ ይሄዳል።

በመንገደኞች አውሮፕላን ላይ ያለው መሣሪያ "ውጣ" ወይም "ውረድ" ብሎ ያዛል። ፍላርም ግን አያዝም። የት እንዳለ ብቻ ያሳያችኋል፤ ውሳኔው የእናንተ ነው። ይህ መሆኑም ተገቢ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በተጨናነቀ ቴርማል ውስጥ "ውጣ" የሚል ትእዛዝ ከላይ ካለው ሰው ጋር ሊያጋጭ ይችላል። ስለዚህ ሳያዩ መቆጣጠሪያ ዱላውን በድንጋጤ መሳብ ክልክል ነው ማለት ይቻላል። ዓይናችሁ ካላገኘውና ድምፁ እየባሰ ከሄደ ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይሆንም። ባዶ መሆኑን ወደምታውቁት አቅጣጫ መዞር ነው። "ባዶ መሆኑን የምታውቁት" የሚለው ቃል ላይ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጄት አውሮፕላኖች ግላይደርን በመሣሪያቸው ያዩታል?

ግላይደሩ ትራንስፖንደር፣ ማለትም ለራዳርና ለጄት መሣሪያዎች በሬዲዮ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ፣ ካለውና ካበራው፣ አዎ። አለበለዚያ አያዩትም። ፍላርም የሚናገርበት የሬዲዮ ቋንቋ ሌላ ስለሆነ ጄቱ አይሰማውም። አዳዲስ ፍላርሞች የትልልቅ አውሮፕላኖችን ምልክት ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ግላይደሩ ጄቱን ሊያይ ይችላል፣ ጄቱ ግን ግላይደሩን አያይም።

ይህ ክፍተት ምን እንደሚያደርስ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 2006 ኔቫዳ ውስጥ ታይቷል። ወደ ሬኖ እየወረደ የነበረ ሆከር 800ኤክስፒ የተባለ ጄት 16,000 ጫማ አካባቢ ላይ ከአንድ ኤኤስጂ 29 ግላይደር ጋር ተጋጨ። ግላይደሩ ትራንስፖንደር ነበረው፤ ባትሪ ለመቆጠብ ጠፍቶ ነበር። ጄቱ አፍንጫው ተቦጫጭቆ ካርሰን ሲቲ ላይ በሆዱ አረፈ። የግላይደሩ አብራሪ በፓራሹት ዘሎ ወረደ። ሁሉም ተረፉ። የአየር ማረፊያ መግቢያ አጠገብ የሚበር ሰው ከዚህ የሚወስደው ቀላል ነው፦ ትልቅ ባትሪ ይግጠም፣ ትራንስፖንደሩንም አያጥፋ።

ብዙ ግላይደር ባለበት ዝም ብሎ ይጮሃል ይባላል፤ እውነት ነው?

ከበፊቱ በጣም ቀንሷል፤ ግን አልጠፋም። መሣሪያው የሚያየው የሁለት መስመሮችን መቆራረጥ ነው። እናንተ ፊት ለፊታችሁ ያለውን ሰው አይታችሁ፣ እሱም እናንተን አይቶ፣ ሁለታችሁም ተስማምታችሁ እየዞራችሁ ሊሆን ይችላል። ፍላርም ይህን ስምምነት አያውቅም። ስለዚህ ይጮሃል።

ችግሩ ጩኸቱ ሳይሆን መላመዱ ነው። አምስት ጊዜ የምታውቁት ሰው ሆኖ ስታገኙት ስድስተኛውን ጆሮ ዳባ ልበስ ትላላችሁ። ስድስተኛው ደግሞ ከሥር እየመጣ ያለ ያላያችሁት ሰው ሊሆን ይችላል። አሠልጣኞች የሚመክሩት ጩኸቱን እንደ ጥያቄ መውሰድ ነው። "ይሄን ሰው አውቀዋለሁ?" መልሱ አዎ ከሆነ መቀጠል። አላውቀውም ከሆነ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ መፈለግ። ድምፁን መቀነስ ወይም ማጥፋት ግን፣ በውድድር ላይ የሚያደርጉት ሰዎች ቢኖሩም፣ በፍጹም አልቀበለውም።

ፍላርም ተገጥሞ የማይሠራበት ጊዜ አለ?

አለ፤ በብዛትም አለ። ዋናው ጥፋተኛ አንቴና ነው። የዘመኑ ግላይደሮች አካል ብዙው ካርቦን ፋይበር ነው፤ ካርቦን ደግሞ የሬዲዮ ሞገድ አያሳልፍም። አንቴናው መጥፎ ቦታ ከተቀመጠ ወደ ፊት 8 ኪሎ ሜትር እየሰማ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ደንቆሮ ሊሆን ይችላል። አብራሪው መብራቱ ሲበራ አይቶ "ይሠራል" ይላል። የሚያሳዝነው፣ ደንቆሮ የሆነበት አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ዓይኑም የማያይበት አቅጣጫ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከበረራ በኋላ የሚወጣውን የበረራ ፋይል አምራቹ ባዘጋጀው የመገምገሚያ ገጽ ላይ ብትጭኑት፣ መሣሪያው በየአቅጣጫው ምን ያህል ርቀት እንደሰማ በሥዕል ያሳያችኋል። ከውድድር ሳምንት በፊት ይህን ማድረግ ግዴታ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሶፍትዌሩንም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ማደስ ያስፈልጋል።

ፍላርም የሌለው ሰው ለፍላርም የለም ማለት ነው። ፓራግላይደር፣ ትንሽ ሞተር አውሮፕላን፣ አሞራ፣ ድሮን፣ ማንኛቸውም ላይታዩ ይችላሉ። ማሳያው ባዶ ነው ማለት ሰማዩ ባዶ ነው ማለት አይደለም።

ፍላርም ያላቸው ሁለት ግላይደሮች አሁንም ሊጋጩ ይችላሉ?

ይችላሉ። ሁለቱ በአንድ ቴርማል ውስጥ 40 ሜትር ተራርቀው እየዞሩ አንዱ በድንገት ዙሩን ቢያጠብብ፣ ለትንበያም ለማስጠንቀቂያም የሚቀረው ጊዜ ሁለትና ሦስት ሰከንድ ብቻ ነው። እዚህ የሚያድነው ሥርዓት ነው። መጀመሪያ የገባው ወደ ግራ ከዞረ ሁሉም ወደ ግራ ይዞራል። አዲስ የሚገባ ሰው ከውጭ በኩል፣ ለሁሉም እየታየ፣ ማንንም ሳያስደነግጥ ይገባል። ከፊት ያለውን ሰው ካጡት መውጣት ነው። ብዙ ውድድሮች አየር ማረፊያው አካባቢ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞር ይደነግጋሉ።

ፓራሹትም የሚታሰረው ለዚህ ነው፤ በውድድር ላይ ግዴታ ነው። የኮክፒቱን ሽፋን ማስወገጃ፣ ቀበቶ መፍቻ፣ መውጣት፣ መሳብ። ይህን ቅደም ተከተል መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በእጅ መለማመድ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ክንፉ ተቆርጦ የሚሽከረከር ግላይደር ውስጥ ማሰቢያ ጊዜ የለም።

"ዙሪያን ማወቅ" የሚሉት ነገር በተግባር ምን ማለት ነው?

ሚካ ኤንድስሊ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመችው ጽሑፍ በሦስት ደረጃ ከፍላዋለች። ማየት፣ ያዩትን መረዳት፣ ቀጥሎ የሚሆነውን መገመት። ወደ ግላይደር ስናመጣው እንዲህ ነው። ከግራዬ በላይ አንድ አለ፤ ይህ ማየት ነው። ከእኔ በቀስታ እየወጣ ነው፤ ይህ መረዳት ነው። ስለዚህ ከሁለት ዙር በኋላ እኩል ከፍታ ላይ እንገናኛለን፤ ይህ መገመት ነው። ቅድም "ባዶ መሆኑን ወደምታውቁት አቅጣጫ ዙሩ" ያልኩት ከዚህ ሦስተኛ ደረጃ የሚመጣ ነው። ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ያን ጊዜ መቁጠር መጀመር አይቻልም፤ አስቀድሞ ጭንቅላት ውስጥ መኖር አለበት።

ማሳያዎች የሚያግዙትም የሚጎዱትም እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ባለቀለም ካርታ ላይ ሁሉንም ግላይደር ማየት ይማርካል። ግን ዓይን አንዴ ወደ ውስጥ ከገባ መውጣት ይከብደዋል፤ ከቅርብ ወደ ሩቅ ለማስተካከልም ጊዜ ይወስዳል። ጥሩ አብራሪዎች ማሳያውን በጨረፍታ አይተው "ከፊት በቀኝ በኩል አንድ አለ" ብለው ከያዙ በኋላ ውጭ ይፈልጉታል። እስኪያገኙትም ተመልሰው ስክሪኑን አያፈጡበትም።

ፍላርም ሌላውን ተከትሎ ለማሸነፍ ያግዛል? መደበቂያ ሁነታውስ ደህንነትን ይቀንሳል?

ይህ በግላይደር ዓለም ውስጥ ሰው የሚያኳርፍ ጥያቄ ነው። ፍላርም ከቦታ በተጨማሪ ማን እንደሆነና ምን ያህል እየወጣ እንደሆነ ያሳያል። ስለዚህ አንድ ሰው 7 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ተቀናቃኙ በሰከንድ 3 ሜትር እየወጣ መሆኑን አይቶ ቀጥታ ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። ራሱ ምንም ሳይፈልግ ማለት ነው። የድሮ ተወዳዳሪዎች ይህ የስፖርቱን ልብ ያወጣዋል ይላሉ። ሌላም ጣጣ አለው። ሰው ሰውን እየተከተለ መጨናነቁ ይብሳል፤ ግጭት ለመከላከል የመጣ መሣሪያ ሰዎችን አንድ ቦታ ይሰበስባል።

ለዚህ ተብሎ መደበቂያ ሁነታ ተሠራ። ማንነትና የመውጣት ፍጥነት ለሌሎች አይታይም። ያበራው ሰው ራሱም የሌሎችን ያንኑ ያጣል፤ ደብቆ ማየት አይቻልም። የግጭት ማስጠንቀቂያው ግን እንዳለ ይቆያል። አንዳንድ ውድድሮች ይህን ግዴታ ለማድረግ ሲነሱ ተቃውሞው ጠንካራ ነበር።

የኔ አቋም ይህ ነው። ስምንና የመውጣት ፍጥነትን መደበቅ ችግር የለበትም፤ ውድድሩንም ያጸዳዋል። ርቆ ያለውን ግላይደር ቦታ መደበቅ ግን አይገባም። "ማስጠንቀቂያው ይጮሃል እኮ" የሚለው መልስ አያሳምነኝም። ማስጠንቀቂያው የሚጮኸው የመጨረሻዎቹ 20 ሰከንዶች ውስጥ ነው። ከ7 ኪሎ ሜትር ላይ የታየ ሰው ግን አንድ ደቂቃ ያህል ይሰጣል፤ በዚያ ደቂቃ ውስጥ ተረጋግቶ መፈለግ፣ ማግኘት፣ መንገድን ትንሽ መቀየር ይቻላል። ከላይ ያልኩት ሦስተኛ ደረጃ የሚሠራው በዚህች ደቂቃ ነው።

መሬት ላይ ያለው ነገርም አብሮ መታየት አለበት። በብዙ አገር በጎ ፈቃደኞች የተከሏቸው ተቀባዮች የፍላርምን ምልክት ሰብስበው ኢንተርኔት ላይ ያሳያሉ። የቡድን ኃላፊ ይህን አይቶ በሬዲዮ ለአብራሪው መናገር ይችላል። ስለዚህ አዘጋጆች ለሕዝብ የሚታየውን ቀጥታ ስርጭት በደቂቃዎች ያዘገዩታል። ተወዳዳሪን መከተል ለመቀነስ እዚህ በኩል መሄድ ይሻላል፤ መሬት ላይ ያለው ሰው 15 ደቂቃ ዘግይቶ ቢያይ ማንም አይጎዳም።